ሕግ ያወገዘው ንግድ፤ ከማጂ እስከ ጅማ

ዛሬ ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ወይም ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ቡናው ከታላላቅ ዛፎች ጥላ በታች ቀልቶ፥ ማሩና ኮረሪማው በየገበያው ተደርድሮ ሲያይ፥ ምድሪቱ ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ በረከት ብቻ ስታቀርብ የኖረች ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የዛሬ መቶ ዓመት ግድም በዚሁ መንገድ ከቡናው ይልቅ ታላቅ ትርፍ ያስገኙ የነበሩት ሁለት ሸቀጦች፥ የዝሆን ጥርስና ሰው ነበሩ። ይህንንም ታሪክ ሳናፍር መመርመር ይገባናል፤ ሕግ የከለከለው ንግድ በምን ኃይል እንደሚኖርና በምን እንደሚሞት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በአገራችን አላውቅምና።

የባርያ ንግድ በከፋ ነገሥታት ዘመንም ነበረ። የሲራራ ነጋዴዎች ባርያውን፥ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ከቦንጋ ተቀብለው ወደ ጅማ ሂርማታ ገበያ፥ ከዚያም ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ጠረፍ ያሻግሩት ነበር። ይሁን እንጂ የዐፄ ምኒልክ የጦር አለቃ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ከፋን ካስገበሩ በኋላ፥ ጦሩም ወደ ቤንችና ወደ ማጂ ከዘለቀ ወዲህ፥ ንግዱ አዲስ ምንጭ አገኘ። ወታደሩ ደመወዝ አልነበረውም፤ ይልቁንም ገባር ተቈጥሮለት ከገባሩ ጕልበትና እህል እንዲኖር ተደርጎ ነበር። በዚህም ሥርዓት ግብሩን መክፈል ያቃተው ደኻ በመጨረሻ ልጁን ለመስጠት ይገደድ ነበር። ሹም በተሻረ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር፤ ተሻሪው ጦር አገሩን ሲለቅ ገባሩን እንደ ጓዝ እየነዳ ይወስድ ነበርና። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1902 ዓ.ም. ወደ ሰሜን በተዛወሩ ጊዜ እንዲህ ሆነ፤ በ1904 ዓ.ም. ግድምም ልጅ ኢያሱ በዚያን ጊዜ ጊሚራ ይባል ወደ ነበረው ወደ ቤንችና ወደ ጎረቤቶቹ አገር በዘመቱ ጊዜ፥ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ተማርኮ ተነዳ፤ ከተነዳውም ብዙው በፈንጣጣና በተቅማጥ በመንገድ አለቀ።

ንግዱን ከሁሉ ይልቅ ያጸናው ግን ጠመንጃ ነው። በጅቡቲ በኩል የገባው ውጅግራ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ማጂ ይደርሳል፤ ጠመንጃውን የያዘ ሰው ዝሆን ይገድልበታል፥ ሰው ይፈነግልበታል፤ በጥርሱና በባርያውም ዋጋ ሌላ ጠመንጃና ጥይት ይገዛል፤ ያም ጠመንጃ እንደ ገና ሌላ ሰው ይማርካል። በዚህ እሽክርክሪት ውስጥ ያልታጠቀው ሕዝብ፥ ይልቁንም የማጂ ደጋ ገበሬ የዲዚ ሕዝብ፥ ዓመት ከዓመት እየተመናመነ ሄደ። በማጂ የተቀመጡት የእንግሊዝ መንግሥት ሰዎች አርኖልድ ሆድሰንና ሄንሪ ዳርሊ ያዩትን በመጽሐፍ ጽፈው ለዓለም አስታወቁ፤ የዳርሊም መጽሐፍ በ1926 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በርእሱ ላይ ባርያንና የዝሆን ጥርስን አጣምሮ ይጠራ ነበር።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀንም የባሮችን ነጻ መውጣት የሚደነግግ አዋጅ ወጣ፥ ለጉዳዩም ዳኞች ተሾሙ። ይሁን እንጂ አዋጁ መሸጥን ሲከለክል መያዝን በአንድ ጊዜ አላጠፋም፤ ፍትሐ ነገሥቱም ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ በጦርነት የተማረከውን በባርነት መያዝን ፈቅዶ ነበርና፥ ባለጸጋው ሕሊናው አልወቀሰውም። መያዝ ተፈቅዶ መሸጥ በተከለከለበት አገር ደግሞ ሻጭ መሸሸጊያ አያጣም። በአደባባይ ይቆም የነበረው ገበያ ወደ ጓዳ ገባ፤ ጉዞው በሌሊት ሆነ፤ ኬላ ላይ የተጠየቀውም ሰው የሚነዳቸውን ልጆች ቤተሰቦቼ ናቸው፥ አሽከሮቼ ናቸው ይል ነበር። ሕጉን ያስፈጽም ዘንድ የተሾመው ሹም ራሱ ከንግዱ ተካፋይ በሆነ ጊዜ፥ ከሳሹ ወዴት ይሂድ?

የተከለከለ ንግድ መልኩን እየለወጠ የሚኖርበት ይህ ጠባይ ካለፈው ዘመን ጋር አላለፈም። ፖል ያንሰን የተባለው የቤልጂግ ሐኪም በ1960 እ.ኤ.አ. ግድም ለሕሙማን ማደንዘዣ ያዘጋጀው ፌንታኒል፥ ዛሬ በስውር እየተሠራ በአሜሪካ በያመቱ ብዙ አሥር ሺሕ ነፍስ ያጠፋል። ቻይና በ2019 እ.ኤ.አ. የዚህን መድኃኒት ዘር በሙሉ ከቍጥጥር በታች ባደረገች ጊዜም ንግዱ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም፤ ያለቀለት መድኃኒት መላኩ ቀርቶ፥ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ወደ ሜክሲኮ ይጓዝ ጀመር። የሂርማታ ገበያ ወደ ጓዳ እንደ ገባ ማለት ነው። ገዢ እስካለና ትርፉ እስከ በዛ ድረስ፥ አንዱ በር ሲዘጋ ነጋዴ ሌላ በር ይከፍታል።

የእኛን ታሪክ ፍጻሜ ስመለከት ይህንኑ አያለሁ። ጣልያንም በወረራው ዘመን ባርነትን በአዋጅ ሽሮ ነበር፤ ከነጻነት በኋላም በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ መሸጥን ብቻ ሳይሆን መያዝንም ከሥሩ አጠፋ። ነገር ግን አዋጁን ፍሬያማ ያደረገው፥ በዚያው ዘመን ወታደሩና ሹሙ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ መቀበላቸው፥ የገባሩም ግዴታ በገንዘብ ግብር መተካቱ ነው። ሰውን ወደ ሸቀጥነት ይገፋ የነበረው ዕዳ ሲነሣ፥ ለፈንጋዩ የሚቀርበው ሰው አነሰ።

የተነዱት ልጆች ግን አልተመለሱም። ስማቸው ተለውጦ፥ ክርስትና ተነሥተው ወይም ሰልመው፥ የእናታቸውን ቋንቋ ረስተው በሸዋ፥ በጎንደርና በጅማ ኖሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ዛሬ በመካከላችን አሉ፥ አያታቸው ከየትኛው ኮረብታ እንደ ወረደች ሳያውቁ። የሚዛንን ቡና በጀበና አፍልተን በምንጠጣ ጊዜ፥ በዚያው መንገድ ስለ ወጡት ስለ እነዚህ ነፍሳት ልናስብ ይገባናል።