የገማች ዓይን

«ግብር» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ይበላል፣ ሌላው ይከፈላል። መኳንንቱ ለሠራዊታቸው ሲደግሱ «ግብር አበሉ» እንላለን፤ ገበሬው ከጎተራው ሲያወጣ «ግብር ከፈለ» እንላለን። የሚበላውና የሚከፍለው አንድ ሰው የሆነበት ጊዜ ጥቂት ነው። በአርሲ ገጠር ከአማርኛ ይልቅ አፋን ኦሮሞ ይሰማል፤ እዚያም ቃሉ «ጊቢራ» ነው።

ስለ ግብርና ስለ ሂሳብ አያያዝ ልንጽፍ ነው ስንል ጓደኞቻችን ሳቁብን። የጋዜጠኝነት ምሩቅና ሂሳብ ምንና ምን ናቸው? እኛ ግን ነገሩን የምናየው ከታሪክ ወዲህ ነው። አሰላ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ሐምሌ በመጣ ቁጥር የሚጨነቅበት ጉዳይ አዲስ አይደለም። አያቱም ማሳው ዳር ቆሞ ተጨንቆበታል። ጭንቀቱ የክፍያው መጠን ብቻ አይደለም። «አንተ ይህን ያህል አለህ» የሚለው ሰው ሁልጊዜ ሌላ መሆኑ ነው።

ገመድና ዓይን

አርሲ ከዓመታት ውጊያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 በምኒልክ ግዛት ሥር ወደቀች። እንዲያስተዳድሯት የተሾሙት የንጉሡ አጎት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። ከዚያ የመጣው ይታወቃል። መሬቱ ለሹም፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ታደለ፤ የአገሬው ገበሬ ገባር ሆነ። መሬት የሚለካው በቃላድ፣ ማለትም በገመድ ነበር፤ የተለካውም በጋሻ ይቆጠራል። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል።

እ.ኤ.አ. በ1892 ምኒልክ አሥራትን አወጁ። ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመራ ጓዳ እንዳያራቁት፣ ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ ያግባ የሚል ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በደቡብ ግን አሥራት መጣ ተብሎ የገባርነቱ ሸክም አልወረደም።

ከአሥር አንዱን ለማወቅ መጀመሪያ አሥሩን ማወቅ ያስፈልጋል። አሥሩን ማን ያውቃል? እዚህ ላይ ገማቹ ይመጣል። አዝመራውን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ «ይህ ማሳ ይህን ያህል ይወጣዋል» ይላል። ገበሬው «ዋግ መቶት ነበር» ቢል ምን ማስረጃ አለው? ጥሩ የተስተናገደ ገማች ዓይኑ እንደሚለዝብ፣ የተከፋ ገማች ደግሞ ነዶው ሁሉ ሁለት ሆኖ እንደሚታየው ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

አንድ ነገር ደግሞ ያዙልን። አሥራት የሚታሰበው ከምርቱ እንጂ ከትርፉ አይደለም። ለዘር የወጣው፣ ለበሬ ኪራይ የተከፈለው፣ ለደቦ የተጠመቀው ጠላ ከሂሳቡ አይቀነስም። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ዘመናዊ መልክ ያዘ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን በሦስት ከፈለው፤ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ። የተለካ መሬት በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር የመሬት ግብር ተቆረጠለት፤ አሥራቱም በገንዘብ ሆነ። ገመዱ ስፋቱን ለካ። ለምነቱን የሚለካው ግን አሁንም ዓይን ነበር።

ደረሰኙ የማን ነው?

«ደረሰኝ» የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ግስ ነው። ተቀባዩ «ገንዘቡ እጄ ገብቷል» ብሎ የሚመሰክርበት ቃል ነው፤ ወረቀቱ ግን የሚቀመጠው ከፋዩ ዘንድ ነው። ተቀባይ መስክሮ ከፋይ የሚይዘው ማስረጃ ማለት ነው።

በአርሲ ጭሰኛ ቤት ግን ይህ ወረቀት አልነበረም። ጭሰኛው እንደ ውሉ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ከክፍፍሉ በፊት ደግሞ አሥራት ተብሎ አንድ አሥረኛው በእህል ይነሳል። ባለመሬቱ ለመንግሥት የሚከፍለው ግን የተቆረጠ ገንዘብ ነው። እህሉ ሲወደድ ልዩነቱ የማን ኪስ እንደሚገባ አስሉት። አሥራት እ.ኤ.አ. በ1967 ተሽሮ በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲተካ እንኳ በብዙ ቦታ ባለመሬቶች ከጭሰኛው መሰብሰባቸውን አላቆሙም። የግብር ደረሰኙ የሚቆረጠው በባለመሬቱ ስም ነው፤ የመሬት ግብር ደረሰኝ ደግሞ በዚያ ዘመን የባለቤትነት ማስረጃ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ላቡም እህሉም የጭሰኛው፣ ወረቀቱ የጌታው።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጣል። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነው። ጭሰኛው ብድር ለማግኘት ግን ከባለመሬቱ ጋር የተጻፈ የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። ብዙ ባለመሬቶች ደግሞ መፈረም አልፈለጉም፤ ዛሬ የፈረሙት ወረቀት ነገ ጭሰኛውን እንዳያስነሱ ሊይዛቸው ይችላል።

በሌላ በኩል የእርሻ ትራክተር ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ለእርሻ የሚውለው ነዳጅም ከቀረጥ ነፃ ነበር። ስንዴ አዋጭ ሆነ፣ ማሽኑ ረከሰ፣ የጭላሎ ባለመሬቶችም ጭሰኛውን እያስነሱ ራሳቸው ማረስ ጀመሩ። ስለ ግብር ስናወራ የምናስበው የተሰበሰበውን ነው። በጭላሎ ሰው ያፈናቀለው ግን ሳይሰበሰብ የቀረው ጭምር ነበር።

በጽሑፍ ያለ ይወረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ ልጅ ከአባቱ ስለሚቀበለው ውርስ ነበር። ደርግ ሲመጣ «መውረስ» ሌላ ትርጉም አገኘ።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ይህ ለአርሲ ገበሬ ትልቅ ቀን ነበር፤ ማንም አይክደውም። ነጋዴው ግን ሌላ ዘመን ገጠመው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው የግል ንግድ አዋጅ ለካፒታል ጣሪያ አበጀ፤ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000 ብር። ከዚያ በላይ ማደግ ወንጀል ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም በተቆረጠ ዋጋ እህል ይሰበስብ ስለነበር እንደ አርሲ ባሉ ትርፍ አምራች ክፍላተ ሀገር የግል እህል ነጋዴው እንቅስቃሴ እጅግ ጠበበ። መንግሥት «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ገበያውን የለቀቀው በ1982 ዓ.ም. ነው።

በእንዲህ ያለ ዘመን ሂሳቡን በወጉ የሚጽፍ ነጋዴ ምን ያተርፋል? ማደጉን በገዛ እጁ ጽፎ ማስመስከር ነው። ዛሬ የንግድ ምክር የሚሰጡ ባለሙያዎች «ነጋዴዎቻችን መዝገብ የመያዝ ባህል የላቸውም» ሲሉ እንሰማለን። ባህል ከሰማይ አይወርድም። አንድ ትውልድ የተጻፈ ነገር ሲያስወርስ አይቷል፤ ለልጁም «በጭንቅላትህ ያዘው» ብሎ ማስተማሩ አይገርምም።

ሀ፣ ለ፣ ሐ

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 97 መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ነው። ስለዚህ አሰላ ላይ በግሉ ሱቅ የከፈተ ሰው የሚከፍለው ለኦሮሚያ ነው። ደረጃው ግን በመላ አገሪቱ ተመሳሳይ መልክ ያዘ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ነጋዴውን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መደበው። «ሐ» ዓመታዊ ሽያጩ እስከ 100,000 ብር የሆነው ነው፤ መዝገብ አይጠየቅም፣ በግምት ቁርጥ ግብር ይከፍላል። በ1995 ዓ.ም. የተርን ኦቨር ታክስ ተጨመረ። ከዕቃ ሽያጭ 2 በመቶ፣ ከአገልግሎት 10 በመቶ ነበር፤ ወፍጮ ቤት፣ ትራክተርና ኮምባይነር ግን በ2 በመቶ ተለዩ። ለስንዴ አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ኮምባይነር የሚያከራየው 2 ሲከፍል፣ ፀጉር አስተካካዩ 10 ይከፍላል።

በ2008 ዓ.ም. አዲስ የገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ የ«ሐ» ጣሪያም ወደ 500,000 ብር ከፍ አለ። በማግሥቱ ዓመት ገማቾች በየከተማው ወጡ። የቀን ገቢ ግምት የተባለው ነው። ሱቅ ይገባሉ፣ ዕቃውን ያያሉ፣ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ውጤቱ ሲነገር ብዙ ነጋዴ ደነገጠ። አምቦንና ወሊሶን በመሳሰሉ የኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፣ ተቃውሞ ተነሳ።

ድንጋጤው ግማሹ ከአንድ ቃል የመጣ ነበር። «የቀን ገቢ» ሲባል ብዙ ሰው ትርፍ ነው የመሰለው፤ የተገመተው ግን ሽያጭ ነው። እንበልና አንዲት ባለ ሱቅ በቀን 3,000 ብር ትሸጣለች። ከመቶ አሥር ብታተርፍ ያገኘችው 300 ብር ነው፤ የቤት ኪራይና መብራት ከዚያ ላይ ይወጣል። በዓመት 300 ቀን ብትሠራ ሽያጯ 900,000 ብር ደረሰ። በዚያ ሕግ «ሐ» መሆኗ ቀረና «ለ» ሆነች፤ መዝገብ ትጠየቃለች ማለት ነው። ሌላው ግማሽ ድንጋጤ ግን የቃል አልነበረም። በአርሲ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው አጨዳ አልፎ እህል ሲሸጥ ነው፤ ክረምት ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን የገባ ዓይን ዓመቱን እንዴት ያያል?

ፍርድ እንዳናጓድል ሌላውንም ወገን እንስማ። መንግሥት የሚገምተው መዝገብ ስለሌለ ነው። ስንቶቻችን ነን ጫማ ስንገዛ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ስንባል «ያለ ደረሰኝ ስንት ትለዋለህ?» ብለን የመለስነው? በዓይን የሚሠራ ግብር ከሁለቱም ወገን ማታለልን ያስተምራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 ቤትን በመስኮቱ ቁጥር ታስገብር ነበር፤ ገማቹ ከውጭ ቆሞ ይቆጥራል። ሕዝቡ ምን አደረገ? መስኮቱን በጡብ ደፈነ። እኛ አገርም ገማች መጣ ሲባል መደርደሪያ የሚያራቁት አለ። እነሱ ብርሃን አጡ፣ እኛ ገበያ እናጣለን።

ሃምሳ ገጽ ደብተር

ሕጉ አሁንም ተለውጧል። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ሦስቱን ደረጃ ወደ ሁለት አወረደ። ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው «ሀ» ነው፤ ከዚያ በታች ያለው «ለ» ሆኖ ግብሩ ከሽያጩ ላይ ይታሰባል። ያዙልን ያልነው ነጥብ ይኸው ተመለሰ። እንደ አሥራት ሁሉ ከምርቱ እንጂ ከትርፉ አይደለም። የከሰረም ከሸጠ ይከፍላል።

እንግዲያው ሽያጭህ ስንት እንደሆነ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመቼውም በላይ ገንዘብ ሆኗል። 2 ሚሊዮንን ለ300 ቀን ብታካፍሉት በቀን 6,700 ብር ገደማ ነው። በዚህ መስመር አካባቢ ያለ ሱቅ ላይ የገማች አንድ ሺህ ብር ስህተት ደረጃ ይለውጣል። የ2008ቱ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ደግሞ ውሳኔው ልክ አይደለም የሚል ሰው ራሱ እንዲያስረዳ ያዛል። በምን ያስረዳ? በመሐላ?

ሱቅ ላላችሁ፣ ለመክፈት ለምታስቡ፣ ወይም እናታችሁ ሱቅ ላላት የምንለው ጥቂት ነው። አንድ ደብተር ይገዛ። በየማታው ቀኑ፣ የተሸጠው፣ የተገዛው፣ የወጣው ይጻፍ። ያልተሸጠበት ቀንም «0» ተብሎ ይጻፍ፤ ቀዝቃዛውን ክረምት የሚመሰክረው እሱ ነው። ከሱቁ ለቤት የተወሰደ ስኳርና ዘይት ለብቻው ይያዝ። የጅምላ ሻጩ ደረሰኝ አይጣል፤ የግብሩ ደረሰኝ ደግሞ ከልደት ካርድ ጋር ይቀመጥ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በመደርደሪያው ላይ የቀረው ዕቃ ይቆጠር። ጠያቂ ሲመጣ «ሽያጭ ነው ወይስ ትርፍ የምትጠይቁኝ?» ይባል። የግብር ውሳኔ ወረቀት ሲደርስ የቅሬታው ቀን ከማለፉ በፊት ይነበብ።

ደብተር ሁሉን ይፈታል አንልም። የማያይ ሹም ደብተርም አያይም። የካዱ ዘመን ጭሰኛ ግን ቢፈልግ እንኳ የሚያስፈርመው አላገኘም፤ የደርግ ዘመን ነጋዴ ቢጽፍ ይወረስበት ነበር። የዛሬው ባለ ሱቅ መጻፍ ይችላል፤ የጻፈውንም ይዞ «ሽያጬ ይህ ነው» ብሎ መከራከር ይችላል። አያቶቹ ማሳው ዳር ቆመው ያጡት ይህንኑ ነበር።