ዋልታ ረገጥነትና ማኅበራዊ ሚዲያ
ዋልታ ረገጥነት የፖለቲካ ልዩነት መሐሉን ባዶ አስቀርቶ ሰዉን በሁለት ጫፍ የሚያቆምበት ሁኔታ ሲሆን፣ ፌስቡክን የመሰሉ መድረኮች የሚያባብሱት አልጎሪዝማቸው፣ ማለትም ለተጠቃሚው የሚታየውን የሚመርጠው ቀመር፣ ብዙ አስተያየት የቀሰቀሰውን ጽሑፍ ስለሚያስቀድም ነው፤ ቁጣ ደግሞ ከማብራሪያ ቀድሞ ይዛመታል። በአማራ ክልል በዚህ ረገድ በስፋት የሚታወቀው ጉዳይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ የተገደሉት የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር የመዓረግ አማረ ነው። ከግድያው አስቀድሞ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸውና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ ተለጥፎ ነበር፤ ልጃቸውም በ2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰዋል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ የጥላቻ ንግግርን እንዲያነሱ ያዛል፤ ይሁንና 24 ሰዓት ለወሬ ረጅም ዕድሜ ነው።

የጥላቻ ንግግርን ለይቶ ለማንሳትም ቋንቋውን ማወቅ ያስፈልጋል። በዚሁ ክልል በአዊ ዞን አማርኛና አዊኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ሁለቱም በግእዝ ፊደል ስለሚጻፉ፣ ፊደሉን ለይቶ አዊኛን የማያውቅ የመድረኩ ይዘት አጣሪ ዘለፋውን ከሰላምታ አይለይም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ስለ ዞኑ ከተሞች፣ ስለ እንጅባራም ሆነ ስለ ዳንግላ፣ ከውጭ አገር የሚጻፈውን የከለከለ አልነበረም፤ በቦታው ያለው ነዋሪ ግን ማስተባበሉ ቀርቶ ማንበቡም ተሳነው።