የቆጠራው መዝገብና የሂንዱ አገር

የሂንዱ ብሔርተኞች «ሂንዱ አንድ ሕዝብ ነው፣ ሕንድም የእርሱ አገር ናት» የሚለውን ሐሳብ ቬዳዎች ከሚባሉት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ዘመን ጀምረው ይተርኩታል። ማስረጃው ግን የሚመራን ወደ ቅርብ ጊዜ፣ ወደ እንግሊዞች የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 እና 1872 የተጀመረው ቆጠራ እያንዳንዱን ሰው ሃይማኖቱን ይጠይቅ ነበር፤ የሚፈልገውም አንድ መልስ ብቻ ነበር። የሕዝቡ ኑሮ ግን ለዚህ አልተመቸም። በ1911 እንኳ በጉጃራት ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች «ሙስሊም ሂንዱ ነን» ብለው ተመዝግበዋል። በዚሁ ቆጠራ ዋዜማ የቆጠራው ኃላፊ ኤድዋርድ ጌት፣ የብራህማንን (የካህናቱን ወገን) የበላይነት የማይቀበሉና ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ የተከለከሉ ወገኖች ከሌሎቹ ሂንዱዎች ተለይተው እንዲታወቁ መጠየቁ የሂንዱ መሪዎችን አስደነገጠ። ድንጋጤው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እንግሊዞች ያወጡት የ1909 ሕግ ለሙስሊሞች የራሳቸውን መራጭና የምክር ቤት መቀመጫ ሰጥቶ ስለነበር ቁጥር ሥልጣን ሆኗል። ከመቅደስ ደጅ ሲባረር የኖረው «የማይነካ» ሰው ለቆጠራ ሲሆን ወንድም ተባለ። ራሳቸው «የማይነካ» ከሚባለው ወገን የተወለዱት መሪ አምቤድካር ይህን ግብዝነት ዕድሜ ልካቸውን ሲያጋልጡ ኖረዋል።

የሂንዱ ብሔርተኛው ሳቫርካር በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ ሂንዱ ማለት ሕንድን አባት አገሩና ቅዱስ ምድሩ አድርጎ የሚያይ ነው አለ። ስለ አምላክም ስለ መጽሐፍም አልጠየቀም፤ እርሱ ራሱ ለአምልኮ ሥርዓት ደንታ አልነበረውም። በዚህ መለኪያ ሲኩ፣ ጃይኑና ቡድሂስቱ ገቡ፤ ቅዱስ ምድራቸው ሌላ ቦታ ነው የተባሉት ሙስሊምና ክርስቲያን ውጭ ቀሩ። አጥሩ የታጠረው በእምነት ሳይሆን የአብላጫውን ወሰን ለማስፋት ይመስለኛል።

ከእንግሊዞች በፊትም ሂንዱነት ነበር የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት አለው። ባለቅኔው ካቢር በ15ኛው መቶ ዘመን ሂንዱንና ቱርኩን ለይቶ ይወቅሳል፤ የደቡብ ሕንዱ የቪጃያናጋራ መንግሥት ነገሥታትም «የሂንዱ ነገሥታት ሱልጣን» በሚል ማዕረግ ይጠሩ ነበር። ግን ማዕረጉን ልብ እንበል፤ ክብሩን የተዋሱት ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ነው፤ በጦራቸውም ሙስሊም ወታደሮች አሰልፈዋል። መለያው ነበረ፤ በቁጥር የሚበልጠው የአገሪቱ ባለቤት ነው የሚለው ሙግት ግን አልነበረም። ያ ሙግት ድምፅ የሚቆጠርበት ምክር ቤት ያስፈልገው ነበር።

ነፃይቱ ሕንድም አጥሩን አላፈረሰችውም። አምቤድካር በ1956 በናግፑር በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር ሂንዱነትን ትተው ቡድሂስት ሆኑ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ግን ቡድሂስቶችንም እንደ ሂንዱ ያካትት ነበር።