የንግግር ድምፅ በአንጎል ውስጥ፦ የቋንቋ እድገት መታወክ ያለባቸው ልጆች

የቋንቋ እድገት መታወክ ሌላ ግልጽ ምክንያት ሳይኖር ልጅ ቋንቋ ለመረዳትና ለመናገር ሲቸገር የሚሰጥ ስያሜ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ልጆች 7 ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታሉ።

አንድ ድምፅ ሲደጋገም ቆይቶ ድንገት ሌላ ቢገባ፣ የአንጎል የመስሚያ ክፍል ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ልዩነቱን ይመዘግባል። ልጁ ልብ ባይለውም እንኳ ራስ ላይ የሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ያሳዩታል። መታወኩ ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ምላሹ ደካማ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሁሉም ግን አይደለም፤ ስለዚህ ብቻውን መመርመሪያ አይሆንም።

አማርኛ ጆሮን በጥብቅ ይፈትናል። «ገና» ላልቶ ሲነገር «እስካሁን» ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነገር በዓሉ ነው፤ የሚለያቸው የ«ን» ድምፅ ቆይታ ብቻ ሲሆን ፊደሉም አያመለክተውም።

ልጆች ከአንድ በላይ ቋንቋ እየሰሙ የሚያድጉባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ለምሳሌ በምዕራብ ጎንደር፣ በቋራ ወረዳ በገለጉ ከተማ ዙሪያ አማርኛና ጉሙዝኛ ይነገራሉ፤ ወደ መተማ ድንበር ዐረብኛም ይሰማል። በሁለት ቋንቋ ማደግ መታወኩን አያመጣም፤ እናት የቤቷን ቋንቋ እንድትተው መምከር ስሕተት ነው። እውነተኛ መታወክ በሁለቱም ቋንቋ ይታያልና ልጁ በሁለቱም መፈተሽ አለበት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጆሮው ይመርመር፤ የሚመግል ጆሮ ድምፅን ያደበዝዛል።