«ተዉአቸው ይረፉ» — የልብ ቀዶ ሕክምናና የትንፋሽ ነገር

አባቴ ኦክላንድ ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ማግስት ነርሷ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አስይዛ «በየሰዓቱ አሥር ጊዜ አየር በዝግታ ወደ ውስጥ ይሳቡ» አለቻቸው። ደረታቸውን እያመማቸው ነበር። ከሳን ሆዜ ሊጠይቅ የመጣው ዘመድ ሁሉ «ኧረ ተዉአቸው ይረፉ!» አለ። እኔም አብሬ አልኩ። ነርሷ ግን አልተበገረችም። እኔም መሐንዲስ ነኝና የዕቃዋን ታሪክ ፍለጋ ገባሁ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባ ሊኮማተር እንደሚችል እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ፓስተር በ1910 (እ.ኤ.አ.) ጽፎ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ደረታቸውን የቆሰሉ ወታደሮች የትንፋሽ ልምምድ ይሰጣቸው ጀመር። በ1953 ጆን ጊቦን የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ ማሽን እየታገዘ ልብ ከፍቶ ጠገነ። ችግሩ ግን አብሮ መጣ፤ ማሽኑ ሲሠራ ሳንባ ይተነፍሳል፣ ይሟሽሻል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ሕመሙን ፈርቶ በአጭሩ ከተነፈሰ የሳንባው የታችኛው ክፍል እንደተዘጋ ይቀራል፤ አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምች ይከተላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሮበርት ባርትሌትና ባልደረቦቹ መፍትሔው መንፋት ሳይሆን በጥልቀት መሳብ መሆኑን አሳዩ። ሕመምተኛው የሳበውን በዓይኑ የሚያይበት መሣሪያም ሠሩ። አባቴ የያዙት የዚያ ልጅ ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ2012 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ሰዎች ዘንድ መሣሪያው ከሌሎች የትንፋሽ ልምምዶች እንደሚበልጥ ማስረጃ አላገኘም። ፍሬው ያለው በፕላስቲኩ ሳይሆን በትንፋሹ ነው ማለት ነው።

ይህ ለአገራችን ትልቅ ነገር ነው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ ብዙ ደክመው ያቋቋሙት የልብ ማዕከል በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ተከፍቷል። ከጉሮሮ ሕመም በሚነሣ ትኩሳት ልባቸው የተጎዳ ልጆች ብዙ ናቸው። ተራ የሚጠብቁትም እንዲሁ። ቀዶ ሕክምናው ውድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን፣ ማለትም ቀና ብሎ መቀመጥ፣ በጥልቀት ስቦ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ መሳል፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ መራመድ፣ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አጠገብ ተቀምጦ «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙ» የሚል ዘመድ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን የታመመ ስንጠይቅ አንታማም። ፍቅራችን ግን «ይተኙ፣ አይንቀሳቀሱ» ማለት ብቻ ከሆነ የምንወደውን ሰው ልንጎዳው እንችላለን።