ብርቅ አስማት

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚና ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች «ሎው ማጂክ» ይላሉ። ቃል በቃል «ዝቅተኛ አስማት» ብንለው ደካማ ድግምት ያስመስለዋል። ነገሩ ግን የብዛት ነው፤ አስማቱ አለ፣ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። «ብርቅ አስማት» ቢባል ይሻላል ባይ ነኝ። አስማት ራሱ በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ በክታብ የሚሰፍሩት ኅቡእ ስሞች። ስሞቹን አንድ ደብተራ ብቻ የሚያውቅበት መንደር ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የተመቸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ አምስተኛ ዕትም፣ አንድ የአንደኛ ደረጃ ድግምት እስከ 10 ፍሬ ያስገኛል፤ አንዷ ፍሬ አንድን ሰው ቀኑን ሙሉ ታጠግባለች። ታዲያ በረሃ ለማቋረጥ ስለ ስንቅ የሚጨነቅ ማን ነው? በአምስተኛ ደረጃ ድግምት ደግሞ፣ 500 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ካለ፣ ከሞተ 10 ቀን ያላለፈው ሰው ይነሣል። አስማቱ ብርቅ ሲሆን ረሃብ ረሃብ፣ ሞትም ሞት ይሆናል።

አስማቱን ከተጫዋቾቹ ነጥቆ ጭራቆቹን እንደነበሩ የሚተው የጨዋታ መሪ ግን ቃሉ አልገባውም። ተራ ሰይፍ በቅጡ የማይጎዳውን ጠላት አስማት በሌለው ቡድን ላይ መልቀቅ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «አድቬንቸርስ ኢን ሚድል ኧርዝ» የተባለው ጨዋታ የተሻለ መንገድ ይዟል፦ ድግምተኛ የሙያ ክፍሎችን አስወጥቶ ምሁርንና መንገደኛን አስገባ፤ ለጉዞውም የራሱን ሕግ አወጣለት። እዚያ ድካምና የመንገድ ምርጫ ከሰይፍ እኩል ይቆጠራሉ።