ያንገራገረ ሞተርና ያደመጠው ጆሮ

«ያንገራግራል» የሚለው ቃል፣ ሞተር ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት፣ ጭነቷን እንደ ያዘች ወንዝ ዳር ስትደርስ እግሯን ተክላ አልሻገርም ለምትል በቅሎ ይነገር ነበር፤ ኋላ ግን ያረጀ መኪና ይዞ ወደ ጋራዥ የሚገባ ሰው ሁሉ የመኪናውን ሕማም የሚናገርበት ቃል ሆነ። ቤንዚን ሲሰጡት ወዲያው በመነሣት ፈንታ ለአንድ ቅጽበት ትንፋሹን ውጦ ይቆማል፤ ይንተፋተፋል፤ ከዚያም ከእንቅልፉ እንደ ባነነ ሰው ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ፈጽሞ አልነሣ ያለ ሞተር ጉድለቱ ሸሽቶ የትም አይደርስምና መርማሪው ቆይቶም ቢሆን ያገኘዋል፤ የሚያንገራግር ሞተር ግን ጤናና ደዌ ባንድነት የሚያድሩበት በመሆኑ፣ መርማሪው ፊት ሲቀርብ ደኅና ሆኖ ባለቤቱን ሐሰተኛ የሚያስመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህም ይህችን የቅጽበት ሕማም መርምሮ ሥሯን ማግኘት በመካኒክነት ሙያ ከሁሉ የረቀቀው ክፍል ሆኖ ኖሯል፤ ጥበቡ በአገራችን እንዴት እንደ ተተከለና በማን እጅ አልፎ ወደ ማን ጆሮ እንደ ደረሰ ለሚመረምር ሰው ደግሞ፣ ታሪኩ በይበልጥ ተጽፎ የሚገኘው በጋራዥ ቃላት ውስጥ ነው።

ነገሩን ከጥንቱ ለመጀመር፣ የቤንዚን ሞተር ቤንዚንን እንደ ውኃ አይጠጣም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ እንደ ጉም የበነነውን ይተነፍሳል እንጂ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባኽ እ.ኤ.አ. በ1893 ቤንዚን በጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ በሚያልፈው አየር ኃይል እንዲረጭ ያደረገበት መሣሪያ፣ ኋላ ካርቡራቶር ተብሎ ለብዙ ዘመን የመኪና ሁሉ ጉሮሮ ሆኖ ለኖረው ዕቃ አባት ነው። በክብደት ሲሰላ፣ ለ1 እጅ ቤንዚን 15 እጅ ያህል አየር ሲደርሰው ሞተሩ ደስ ብሎት ይሠራል። ነጂው ፔዳሉን በድንገት ሲረግጠው ግን፣ አየሩ ቀላል ነውና ፈጥኖ ይገባል፤ ቤንዚኑ ከባድ ነውና ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሞተሩም ለዚያች ቅጽበት ይራባል። ይህን ረኃብ ለማስታገሥ፣ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ጥቂት ቤንዚን ወደ ጉሮሮው የምትረጭ ትንሽ ፓምፓ በካርቡራቶሩ ጎን ተጨመረች፤ የዚህች ፓምፓ ስስ ሽፋን በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ወይም ሲቀደድ፣ የጥንቱ ረኃብ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ ያረጀ መኪና ማንገራገር፣ በመጠየቅና በመመለስ መካከል የምትገኘው የዚያች ጠባብ ጊዜ ታሪክ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሰው ከሠራተኛ ብረት ድምፅ ጋር የተዋወቀው ከቤንዚን አስቀድሞ በእንፋሎት ነበር። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣው በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ እስከ ዛሬ ስሙ አልጠፋም። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለችውን አውቶሞቢል፣ መንገድ በሌለበት ምድረ በዳና ዳገት አሳልፎ አዲስ አበባ አስገብቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የፈረንሳይ ቋንቋ ከሐዲዱ ጋር አብሮ ገባ፤ «ለገሃር» የሰፈር ስም ሆኖ ሲቀር፣ «ጋራዥ» እና «ሹፌር» ደግሞ የመኪና ቤተሰብ ሆኑ። ሹፌር በፈረንሳይኛ ጥንተ ትርጓሜው እሳት አንዳጅ፣ አሞቂ ማለት ነው፤ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ እሳት ያነድ የነበረው ሰው ስሙን ለመሪ ጨባጩ አወረሰ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የመካኒክ ቋንቋ በአገራችን ሥር የሰደደው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ወራሪው ጦሩንና ስንቁን የሚያጓጉዘው በፊያትና በላንቻ የጭነት መኪናዎች ነበርና፣ መንገዱም ጋራዡም መለዋወጫውም አብሮ ተዘረጋ፤ ጠላት ተሸንፎ ሲወጣ መኪናዎቹ ቀሩ፤ ከባለ ሙያዎቹም አያሌዎቹ በአገሩ ተቀምጠው ጋራዥ ከፍተው ሠሩ። በእነዚህ ጋራዦች ዕቃ በማቀበል የጀመረው የሰፈር ልጅ፣ ጣልያንኛ ትምህርት ቤት ሳይገባ ጣልያንኛውን በእጁ ዳስሶ ተማረው። እሳት የምትተፋው ትንሽ ዕቃ ካንዴላ ተባለች፤ ሻማ ማለት ነው። የመታጠፊያ ምልክቱ መብራት ፍሬቻ ተባለ፤ ፍላጻ ማለት ነው። የጭስ ድምፅ ማፈኛው ማርሚታ ተባለ፤ ድስት ማለት ነው። ባሌስትራ ቀስት ነው፤ ፍሪሲዮን መፋተግ ነው፤ ሞተሪኖ ትንሽ ሞተር ነው፤ ብሎን መፍቻው ካቻቪቴም ብሎን አባራሪ ነው። እነዚህ ቃላት በመከራ ዘመን የገቡ ቢሆኑም፣ ተረካቢው ባለ ሙያ ግን ከገዛ ምርኮው እንደሚታጠቅ አርበኛ ታጥቆ የገዛ አገሩን ጎዳና ሠርቶባቸዋል፤ ይህንም ያለ ክብር ማለፍ አይገባም።

አንድ ነገር ግን ለአገሩ መካኒክ ጣልያኑም፣ ጀርመኑም፣ ፈረንሳዩም ከእነ መጽሐፉ ሊያመጣለት ያልቻለ ነበር፤ እርሱም ደጋው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቦሎኛ ከተማ ላይ ኤዶአርዶ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1923 ባቋቋመው ፋብሪካ ተለክቶ የተበሳ የካርቡራቶር ቀዳዳ፣ ለዝቅተኛው አገር አየር የተመጠነ ነውና፣ እዚህ ሲደርስ ለሳሳው አየር የበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ሞተሩም እንደ ጠገበ ሰው ይከብደዋል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ያው መኪና ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ ደግሞ፣ ሙቀቱ ቤንዚኑን ገና በቧንቧው ሳለ ያፈላውና በፈሳሽ ፈንታ እንፋሎት ወደ ካርቡራቶሩ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ነጂው መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ፣ በቤንዚን ፓምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ይጠመጥማል። ስለዚህ ባንድ ቀን ጉዞ ደጋና ቆላ በሚፈራረቁበት አገር የሚኖር መካኒክ፣ በመጽሐፍ የተጻፈውን ልክ መነሻ እንጂ መድረሻ ሊያደርገው አልቻለም። ቀዳዳውን ማጥበብ፣ እሳቱን ጥቂት ማስቀደም፣ ይህንም በድምፅ እየለዩ ማስተካከል ግድ ሆነበት፤ ችግር ጆሮውን አሠለጠነው።

ይህ የጆሮ ትምህርት የሚሰጥበት ሥርዓት፣ አስተውሎ ለሚያየው፣ ከዜማ ቤት ሥርዓት የራቀ አይደለም። የዜማ ደቀ መዝሙር ምልክቱን በብራና ላይ ከማየቱ አስቀድሞ ቃል ትምህርቱን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ መምህሩም ዐይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ፣ ከብዙ ልጆች ድምፅ መካከል የትኛው ልጅ በየትኛው ስፍራ እንደ ሳተ ለይቶ ያውቃል። የጋራዥ ልጅም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ዕቃ ያጥባል፤ ቀጥሎ መፍቻ ያቀብላል፤ ጌታው ቁጥር ሳይጠራ እጁን ሲዘረጋ ልጁ ትክክለኛውን መፍቻ ሲያቀብል፣ ያን ጊዜ ከሞተሩ አጠገብ ለመቆም ይፈቀድለታል። የረጅም ካቻቪቴን ጫፍ በሞተሩ ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ሥር አድርጎ፣ የጤነኛውን ምት ደጋግሞ ይሰማል፤ የጤናን ዜማ በቃሉ ያልያዘ ሰው የደዌን ስሕተት ሊለይ አይችልምና።

ከድምፁ በኋላ የምርመራው ቅደም ተከተል ይመጣል። አዋቂ መካኒክ አስቀድሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የአየር ማጣሪያውን አንሥቶ የካርቡራቶሩን ጉሮሮ ያያል፤ የቤንዚን መስጫውን ክንድ በጣቱ ሲገፋው ቤንዚን ቀጥ ብሎ በኃይል መርጨት አለበት፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ የዚያች የትንሿ ፓምፓ ጥፋት ነው። ቀጥሎ ካንዴላዎቹን ፈትቶ በተራ ይደረድራቸዋል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ መልክ የጤና ምልክት ነው፤ ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጣ ያለ መልክ ቤንዚን ማነሱን ወይም ከጎን አየር መግባቱን ይመሰክራል። ከዚያም እሳቱን የሚቆርጡትንና የሚቀጥሉትን ሁለቱን የብረት ነጥቦች ያያል፤ በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ነጥቦቹ በእሳት ተበልተው ከሆነ የሞተሩ ልብ በጊዜው አይመታም። በመጨረሻም በበርሜልና በጀሪካን ሲገላበጥ የመጣ ቤንዚን ውኃና ዝገት ይዞ ይገባልና፣ ማጣሪያውንና የካርቡራቶሩን ገንዳ ያጥባል። ይህ ሁሉ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከሚታየው ወደ ማይታየው የሚሄድ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱን ያፋለሰ ሰው ዕቃ ይለውጣል እንጂ ሕማም አያውቅም።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ የሠራውን፣ ቤንዚንን በኤሌክትሪክ መጥኖ የሚረጭ መሣሪያ በመኪናው ላይ ካዋለበት ጊዜ ጀምሮ፣ ካርቡራቶር እያደር ከአዲስ መኪና ወጣ፤ ሕማሙንም የምታነብ መሣሪያ መጣች። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወሰነ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ደግሞ አየርና ቤንዚን የሚያዋሕድበት ጉሮሮ የለውምና እንዲህ ያለውን ረኃብ አያውቅም። ይህ ለአገር በጎ ነው። ሆኖም ከካርቡራቶሩ ጋር አብሮ እንዳይጣል የምሰጋለት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከመክፈት በፊት የመጠየቅ፣ ከመለወጥ በፊት የማወቅ ልማድ ነው። ዋጋውን የተማርሁት በገዛ ኪሴ ነው።

አሮጌ ቮልስዋገን ነበረችኝ፤ ወደ እንጦጦ ዳገት ስትወጣ ታንገራግር ጀመር። አንድ ጋራዥ ካንዴላዎቿን ለወጠ፤ ካርቡራቶሩን ሁለት ጊዜ አጠበ፤ በመጨረሻም የቤንዚን ፓምፓዋን ቀየረ፤ እርሷ ግን በማግሥቱ ያው ሆነች። ከዚያ በኋላ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰድኋት። እጃቸውን ሳያነሡ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ስታንገራግር እየደከመች ነው የምትሄደው ወይስ ቀጥ ነው የምትለው?» ጥቂት አስቤ፣ «ቀጥ ነው የምትለው፣ አባባ» አልኋቸው። «እንግዲያው ቤንዚን አልራባትም፤ ቤንዚን የራበው እየደከመ ነው የሚሄደው። ይቺ እሳት ነው ያጣችው» አሉና ተነሡ።

ሞተሩን አስነሥተው፣ ከካርቡራቶሩ እሳት አከፋፋይ ወደ ሆነው ዲስትሪቢዩተር የምትሄደውን ቀጭን ቱቦ ከካርቡራቶሩ በኩል ነቀሉና ጫፏን በአፋቸው ሳቧት። ሞተሩ ጠፋ። እንደ ገና አስነሥተው ሳቧት፤ እንደ ገና ጠፋ። ቱቦዋ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችውን ሰሌዳ የምታንቀሳቅስ ናት፤ ነጂው ቤንዚን በሰጠ ቁጥር ሰሌዳዋ ትዞራለች፤ ከእርሷም ጋር ከክር እጅግ የማትወፍር አንዲት ሽቦ ትታጠፋለች። ክዳኑን ከፍተው ሽቦዋን በካቻቪቴ ጫፍ ሲነኳት፣ ላይዋ ደኅና ነው፤ ሲስቧት ግን ልባሷ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ፤ በውስጡ ያሉት የመዳብ ክሮች ከብዙ ዓመት መታጠፍ የተነሣ ተበጥሰው ነበር። መኪናዋ ቆማ ስትታይ ጫፍና ጫፋቸው ይገናኛል፤ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲሰጧት ይለያያል፤ እሳቱም ይቋረጣል።

አዲስ ሽቦ ለመበየድ መሣሪያው ሲሞቅ እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አዛውንቱ ግን ክዳኑን መልሰው ገጠሙና ዕቃ የሚያቀብላቸውን ልጅ ጠሩት። «በል አንተ ሳብ» አሉት። ልጁ ቱቦዋን በአፉ ይዞ ሳበ፤ ሞተሩ ጠፋ። «ምን ሰማህ?» «ጠፋ፣ ጋሼ።» «መጥፋቱንማ መንገደኛውም ይሰማል፤ እንዴት ጠፋ?» ልጁ ዝም አለ። ሞተሩን ደግመው አስነሡለትና ደግሞ ሳበ፤ ሦስተኛም ሳበ። በአራተኛው ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። «ቀጥ አለ፣ ጋሼ፤ አልደከመም» አለ። አዛውንቱ መበየጃውን ያነሡት ያን ጊዜ ነው።